ሞተሯ የት ትደር?

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ አንዲትን እናት ለመግደል በአማካይ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ከወሊድ በፊት የሚጀምረው 12 ሰዓት ይሰጣል፤ የተተረተረ ማህፀን አንድ ቀን፣ በእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣው መንቀጥቀጥ ወይም ኤክላምፕሲያ ሁለት ቀን፣ የተደናቀፈ ምጥ ሦስት ቀን፣ ኢንፌክሽን ስድስት ቀን። ሕክምና ሳይገኝ ከሕመሙ መነሻ እስከ ሞት ያለውን ጊዜ እንዲህ በግምት ያስቀመጡት የእናቶች ጤና ተመራማሪዋ ዲቦራ ሜይን ናቸው። ስለ አምቡላንስ የሚነገር ማንኛውም ነገር ከእነዚህ ቁጥሮች አጠገብ ቆሞ መለካት አለበት። ሦስት ቀን ላላት እናት ቃሬዛም ያደርሳል። ሁለት ሰዓት ብቻ ላላት ግን አዲስ ላንድክሩዘርም ላያደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሜይን ከሴሪን ታዴየስ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድለውን መዘግየት በሦስት ከፈሉት። አንደኛው እቤት ውስጥ ነው፤ «ትንሽ እንይ፣ ያልፍላት ይሆናል» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ ደም ወይም ሐኪም ወይም መብራት ሲጠበቅ ያልፋል። በአገራችን ጤና የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትምህርት ነው፤ እኔም የምጨምርበት የለኝም፣ ከአንድ ነገር በቀር። የመንገዱ መዘግየት ራሱ ሁለት መንገድ አለው፦ ተሽከርካሪው ወደ ታማሚዋ የሚመጣበትና ታማሚዋ ወደ ሆስፒታል የምትሄድበት። ፍጥነት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሁለተኛውን ነው። የሞተር ሳይክል ጉዳይ ግን ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው።

ቀላል ስሌት እንሥራ። ጤና ጣቢያው ከሆስፒታሉ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል፤ መንገዱ ፒስታ ነው። አምቡላንሷ መኪና የምትቆመው እንደ ልማዱ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። ከጤና ጣቢያው ሲደወልላት በዚያው ደቂቃ ተነስታ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ አንድ ሰዓት ለመሄጃ አንድ ሰዓት ለመመለሻ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ደም ለሚፈሳት እናት ሙሉ ዕድሜዋ ማለት ነው። አሁን ደግሞ በዚያው መንገድ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የማትሄድ፣ ጎኗ ላይ አልጋ የተገጠመላት ሞተር ሳይክል እናስብ። ሞተሯ የምታድረው ጤና ጣቢያው ጋ ነው። መሄጃ የላትም፤ መንገዷ አንድ ብቻ ነው። በ1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ትደርሳለች። ቀርፋፋዋ ፈጣኗን በ24 ደቂቃ ቀደመቻት። ይህም መኪናዋ ስትፈለግ ሌላ ወረዳ ዳር ሌላ እናት ለማምጣት ያልሄደች፣ ሹፌሯ ምሳ ያልወጣ፣ ነዳጇ ያላለቀ ከሆነ ነው። አንዲት አምቡላንስ ለአንድ ወረዳ በምትደርስበት አገር እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ አንባቢ ያውቃል።

በማላዊ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ፣ በማንጎቺ አውራጃ፣ ይህ ነገር በተግባር ታይቷል። ሦስት ባለ ሳይድካር ሞተር ሳይክሎች ከአውራጃው ሆስፒታል በራቁ የገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲቆሙ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት መሠረት እናቶች ሪፈር ተብለው እስኪደርሱ የሚወስደው ጊዜ እንደየጤና ጣቢያው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል አጠረ፤ በመቶኛ ሲሰላ ከ35 እስከ 76 ማለት ነው። ወጪውስ? የሞተሮቹ መግዣ ከመኪና አምቡላንስ 19 ጊዜ ያነሰ ነበር። የአንዷ የዓመት ማንቀሳቀሻ 508 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ይህም ከመኪናዋ ወደ 24 ጊዜ የሚጠጋ ቅናሽ ነው። የዋጋው ልዩነት ዓይን ይስባል፤ ለጋሽ ድርጅቶችም የሚያነሱት እሱን ነው። እኔ ግን እነዚያው ሞተሮች ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ቢቆሙ ኖሮ ጥናቱ ምን ያገኝ እንደነበር አስባለሁ። ከመኪና የባሰ ቀርፋፋ አምቡላንስ ይሆኑ ነበር። ርካሽነታቸው ያዋጣው ራቅ ብለው ለማደር ስለሚያስችላቸው ነው፤ በአንድ መኪና ዋጋ የብዙ ጤና ጣቢያ ደጅ መሙላት ይቻላል።

ታዲያ ለምን ከዚያም አይወርዱም? ለምን እያንዳንዱ ቀበሌ ጤና ኬላ አንዳንድ አይኖረውም? እዚህ ላይ ጉጉት ያሳስታል። በእኛ አገር አንድ ጤና ኬላ ወደ 5,000 ለሚጠጋ ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ለ25,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከ1,000 ሰው በዓመት 32 ሕፃናት ይወለዳሉ ብለን እንነሳ። ከመቶ ወሊድ 15 ያህሉ ችግር ይገጥማቸዋል የሚለውን የተለመደ ግምትም እንውሰድ። ለጤና ኬላው በዓመት 160 ወሊድና 24 አስቸጋሪ ወሊድ ይደርሰዋል፤ በወር ሁለት። ለጤና ጣቢያው 800 ወሊድና 120 አስቸጋሪ ወሊድ፤ በወር አሥር። በወር ሁለት ጊዜ ብቻ የምትነሳ ሞተር ባትሪዋ ይወርዳል፣ ጎማዋ ይተነፍሳል፣ ነጂዋም እጁ የለመደውን ይረሳል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሥራ ይገኝላታል። ማዳበሪያ ታደርሳለች፣ ለስብሰባ ተሳታፊ ታመላልሳለች፣ ዓርብ ማታ ከተማ ትገባለች። በወር አሥር ጊዜ የምትፈለገዋን ግን ማንም እንደልቡ ይዟት አይጠፋም፤ ብትጠፋም በማግስቱ ይታወቃል።

ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ እስካሁን ብዙውን ጊዜ የሸፈነልን ቃሬዛ ነው፤ ጠባቡን ዳገት፣ ድልድይ የሌለውን ወንዝ፣ የክረምቱን ጭቃ። ቃሬዛን እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ የሚያዩ ሰዎች አሠራሩን ልብ ያላሉት ይመስለኛል። ቃሬዛው የት እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል፤ ብዙ ቦታ ከእድሩ ድንኳንና ድስት ጋር ይቀመጣል። ማን እንደሚጠራ ይታወቃል። ተሸካሚው ሲደክም መንገደኛው ሳይለመን ትከሻውን ያስገባል፤ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ሞተር ሳይክል ወደ ገጠር ስትገባ ይህን ሥርዓት ይዛ አትመጣም። ማን ጋ እንደምታድር፣ ቁልፏ ሌሊት ማን እጅ እንዳለ፣ ቤንዚኗን ማን እንደሚችል፣ ነጂው ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ ሁሉም እንደ አዲስ መወሰን አለበት። ሞተር ገዝተው ይህን ያልወሰኑ ሰዎች የገዙት ብረት ነው።

በምሥራቅ ኡጋንዳ የተሞከረው ሌላ መንገድ ከዚህ ችግር ገሚሱን ያስወገደ ነው። በዚያ አገር ቦዳቦዳ የሚባሉት የኪራይ ሞተሮች ድሮውኑ መንደር ውስጥ ነው የሚያድሩት። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሙሊና በፓሊሳ አውራጃዎች አዲስ ሞተር አልገዙም፤ ለነፍሰ ጡሮች ኩፖን ሰጡ። እናቲቱ ለቦዳቦዳው ነጂ ኩፖኑን ትሰጠዋለች፣ እሱ ኋላ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ለሕክምናውም እንዲሁ ኩፖን ነበር። ሙከራው በተደረገባቸው ቦታዎች በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በወር ከ200 በታች የነበረው ከ500 በላይ ሆነ። መንገዱ ያው፣ ሞተሩ ያው፣ ነጂውም ያው ነው፤ የተጨመረው «ሌሊት ብትጠራኝ ማን ይከፍለኛል» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ታንዛኒያ በሺንያንጋ አካባቢ ይህንኑ ሐሳብ በስልክ አስተሳሰረችው። ነፃው ቁጥር 115 ሲደወል የጤና ባለሙያ ያነሳል፣ ሕመሙን ይመዝናል፣ አምቡላንስ ከሌለ ቀድሞ የተመዘገበ የመንደር ሹፌር ይልካል፤ እናቲቱ ስትደርስ የሹፌሩ ሒሳብ በሞባይል ይገባለታል። እነሱ በአብዛኛው የተጠቀሙት መኪና ነው፤ ለሞተርም ቢሆን የሚለወጥ ነገር የለም።

ነገር ግን የኪራይ ሞተር የሚሸከመው መቀመጥ የሚችል ሰው ነው። በብዙ አገር የታመመ ሰው በሞተር ሲወሰድ ነጂው ፊት፣ ታማሚው መሃል፣ ደጋፊ ዘመድ ከኋላ ሆነው ሦስት ይሆናሉ። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ በጃልፓይጉሪ አካባቢ፣ ካሪሙል ሃክ የተባሉ የሻይ እርሻ ሠራተኛ ዝናቸው የወጣው በዚሁ ነው። እናታቸው እ.ኤ.አ. በ1995 አምቡላንስ አጥተው ሞቱ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባቸው እርሻው ላይ ሲወድቅባቸው ጀርባቸው ላይ አስረው በሞተር ሆስፒታል አደረሱት፤ ከዚያ ወዲህ ሞተራቸው የአካባቢው አምቡላንስ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። የሰውዬው ልብ ግሩም ነው። ሆኖም ይህ ዘዴ የማይሆንላቸው ታማሚዎች አሉ። መንቀጥቀጥ የያዛት እናት ሁለት ሰው መሃል ልትቀመጥ አትችልም። ጀርባው ወይም አንገቱ ተሰብሯል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው፣ የነበረበት ቦታ ራሱ የሚገድለው ካልሆነ በቀር፣ በሞተር መነሳት የለበትም። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አንጎሉ ደም ያጥረውና ራሱን ይስታል፤ ሲስት ነጂውንም ይዞት ይወድቃል።

ስለዚህ አልጋ ያስፈልጋል። አልጋው ከኋላ የሚጎተት ተሳቢ ወይም ከጎን የሚገጠም ሳይድካር ሊሆን ይችላል። ሳይድካር አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞችም፣ ፈረንሳዮችም፣ አሜሪካኖችም ቁስለኛ አንስተውበታል። ተሳቢው ርካሽና ለመሥራት ቀላል ነው፤ ብየዳ ቤት ያለው ከተማ ሁሉ ይሠራዋል። እኔ ግን ሳይድካሩን እመርጣለሁ። ከኋላ የተጎተተች ታማሚ አቧራውን ሁሉ ትጠጣለች፣ ሞተሯ የዘለለችውን ጉድጓድ እሷም ተራዋን ትዘላለች፣ ብትጣራም ነጂው አይሰማትም። ከጎን ያለችዋን ግን ነጂው በዓይኑ ጥግ ያያታል።

ሳይድካር የራሱ ጠባይ አለው። የሚገጠመው በመንገዱ ዳር በኩል ነው፤ በግራ በሚነዱት በማላዊና በኡጋንዳ በግራ፣ በእኛ አገር በቀኝ። ባለ ሁለት እግር ሞተር ለመታጠፍ ጋደል ይላል፤ ባለ ሳይድካሩ ጋደል አይልም፣ መሪውን ይዞ በጉልበት ማዞር ነው። በቀኝ የተገጠመለት ሞተር ነዳጅ ሲሰጠው የአልጋው ክብደት ወደ ኋላ ስለሚጎትት ወደ ቀኝ ይስባል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አልጋው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ልሂድ ስለሚል ሞተሩን ወደ ግራ ያዞረዋል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሳይድካሩ ጎማ ከመሬት ይነሳል፤ በፍጥነት ከሆነ ይገለብጣል። የሚገርመው፣ ይህ አደጋ የሚብሰው አልጋው ባዶ ሲሆን ነው። ታማሚ ስትተኛበት ክብደቷ ጎማውን መሬት ላይ ያቆየዋል። እንግዲህ ጤና ጣቢያ የምታድረው ሞተር ታማሚዋን አድርሳ በባዶዋ ስትመለስ፣ ነጂው ደክሞት፣ ልቡም ረግቶ፣ ሌሊቱም ገፍቶ፣ በጣም አደገኛ በሆነው ሁኔታዋ ላይ ትገኛለች። ለዓመታት ሞተር የነዳ ሰው «ይህማ ለኔ ምኔም አይደል» ብሎ ያለ ሥልጠና ሲነሳባት የለመደው ጋደል ማለት ራሱ ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ከጀማሪ ይልቅ ነባር ሞተረኛን ማሠልጠን ሊከብድ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚያውቀውን ማስረሳት ያስፈልጋልና።

ከታማሚዋ ጋር የምትሄደው አዋላጅ ነርስ ከነጂው ኋላ ትቀመጣለች። እጇ ብዙም አይሠራም፤ በሚዘል ሞተር ላይ ሆኖ መርፌ መውጋት፣ ግፊት መለካት የማይታሰብ ነው። ማድረግ የምትችለው ማየት፣ ማናገርና ሲያስፈልግ ማስቆም ነው። ከዚህ የተነሳ ሕክምናው መጀመር ያለበት ሞተሯ ከመነሳቷ በፊት ነው፦ ለሚፈስ ደም ኦክሲቶሲን፣ ለመንቀጥቀጥ የመጀመሪያው የማግኒዥየም ሰልፌት መጠን፣ ክንድ ላይ የታሰረ የፈሳሽ መስጫ መስመር፣ የተላከ የስልክ መልእክት። መኪና አምቡላንስ ባዶ እጅ መነሳትን ይቅር ይላል፤ ሞተር አይልም። ገና ያልወለደች ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ እንድትተኛ ይመከራል፤ በጀርባዋ ስትተኛ ከባዱ ማህፀን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ሥር ይጫነዋል። በእኛ አገር እግሯን ወደ ፊት አድርጋ ከተኛች፣ ሳይድካሩ በቀኝ ስለሆነ፣ በግራ ጎኗ ስትዞር ፊቷ ወደ አዋላጇ ይሆናል። በማላዊ በግራ የተገጠመው ግን ፊቷን ወደ ሜዳው ያዞረዋል። እንደዚህ ያለውን ነገር አልጋውን የሚገጥመው ሰው ካላሰበበት ማንም አያስበውም። መከለያ ሸራም እንዲሁ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በገበያ መሃል ተጋልጣ ልታልፍ አትፈልግም፤ ሸራ ከሌለ ቤተሰቡ በጋቢ ይጠቀልላትና ጋቢው ጎማው ውስጥ ይገባል።

ጥገናው ከሁሉም ይበልጥ የሚናቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሶማሊያን የጎበኙ የሞተር ውድድር ሰዎች፣ አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማን፣ ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተሮች በቀላል ብልሽት ተጥለው አገኙ። ኮልማንና ባለቤታቸው አንድሪያ ከማሞላ ጋር ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት ከዚያ በኋላ ነው። በጋምቢያ፣ በሌሴቶ፣ በዚምባብዌና በሌሎችም አገሮች የሠሩት ሥራ ሞተር ማደል አልነበረም፤ ዕቃው ሳይበላሽ በጊዜው እንዲለወጥ ማድረግ፣ ነጂውም ጠዋት ጠዋት ሞተሩን እንዲፈትሽ ማስተማር ነበር። ካቴና ዘይት ይፈልጋል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ የፍሪሲዮን ሽቦ ይሳሳል፣ ካላማዳሪያ ይበሳል። ከእነዚህ አንዳቸውም ውድ አይደሉም። ውድ የሚሆኑት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲጎድሉ ነው። መለዋወጫው ከሞተሯ ጋር እዚያው ማደር አለበት፤ ወረዳው ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ካደረ በግዢ ደረሰኝ ላይ ብቻ ነው ያለው።

በሪፈር በጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኝ አንድ መስመር አለ፤ የመመለሻው። እናቲቱ በሞተር ትመጣለች፣ ደም ይሰጣታል፣ ትድናለች፣ ከሦስት ቀን በኋላ «ውጪ» ይሏታል። ሕፃን ታቅፋ፣ ቁስሏ ገና እያመማት፣ 40 ኪሎ ሜትር በምን ትመለሳለች? ባልየው ለሕዝብ ማመላለሻ ብር ይበደራል። ይህን የሰማች ጎረቤት በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያውን መዘግየት ታስረዝመዋለች፤ ከመሄዷ በፊት መመለሷን ትቆጥራለችና። መፍትሔው እዚያው ደጅ ቆሞ ሳለ ነው ይህ ሁሉ። የዛሬዋን ታማሚ ያደረሰች ሞተር በባዶዋ ልትመለስ ነው፤ ዋርዱ ውስጥ ደግሞ ከዚያው አካባቢ የመጣች፣ ትናንት «ውጪ» የተባለች እናት ትኖራለች። አንሶላውን ለውጦ፣ ፕላስቲኩን በበረኪና ጠርጎ እሷን ማስተኛት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቤንዚኑ ያው የሚቃጠል ቤንዚን ነው፤ የሳይድካሩም ጎማ በቀኝ መታጠፊያ ላይ ከመሬት አይነሳም።